እጄ ያልተማረው ዝማሜ

እኔ ጋኔን፣ ዛር፣ ሟርት ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ልጅ ሳለሁ እንኳ ጅብ እንጂ ጋኔን ፈርቼ አላውቅም፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ጎንደር የተማርኩት ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ደባርቅ ላይ ሥራዬ የዛለ ክንድና አልታጠፍ ያለ ጉልበት ማንቀሳቀስ ነው፣ እና እጅ አንጎል ሳያዘው እንደማይነሣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የምኖረው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ የአቋቋም መምህር። ከሩቅ አገር መምህራቸው የተቀበሉት አንድ የፍልሰታ ዝማሜ ነበራቸው፣ መቋሚያው እንዴት እንደሚወርድና እንደሚነሣ የትም አልተጻፈም፣ ተማሪው መምህሩን እያየ ነው የሚይዘው። ለእኔ ማስተማር ጀመሩ፣ እኔ ግን ግማሹን እንደያዝኩ ጉባኤውን ጥዬ አስኳላ ገባሁ። ከእኔ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ዝማሜውን ለማንም አላሳዩም፣ ለእኔም ከሰላምታ ያለፈ ቃል ነፈጉኝ፣ እውነቴን ነው፣ ስመረቅ እንኳ «እግዜር ይርዳህ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አንድ ክረምት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም አብረው ሄዱ። ፍልሰታ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የመጨረሻ ተማሪያቸው ዲያቆን ሞገስ፣ ዕድሜው ከእኔ እኩል ነው፣ በየቀኑ እየመጣ እግራቸው ሥር ይቀመጣል። «ዘንድሮ አሳይሃለሁ ብለውኝ ነበር» አለኝ፣ «ወንድሜ፣ ዝማሜው እኮ ከየኔታ ጋር ሊቀር ነው።»

እኔ ደግሞ ስለ መስታወት ነርቮች ተምሬያለሁ። ሰው ሌላው ኩባያ ሲያነሣ ሲያይ፣ የገዛ እጁን የሚያነሣበት የአንጎሉ ክፍል አብሮ ይነቃል፣ ያ ሰው ኩባያውን ያነሣው ሊጠጣ ይሁን ሊያጥበው የምናውቀውም በዚሁ ነው ይላሉ፣ ምሁራኑ ገና ቢከራከሩበትም። እና የማውቀውን ግማሽ ባሳያቸው ምናልባት እጃቸው ይነቃ ይሆናል አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ጉሙ ከደጁ አልፎ ቤት ሊገባ ደርሷል፣ በግ ሲጮኽ ይሰማል፣ በጉ ግን አይታይም። መቋሚያቸውን አንሥቼ አልጋቸው ፊት ቆምኩ።

«ምነው ፊት ለፊት?» አለ ሞገስ፣ «ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ ጎናቸው ቁም እንጂ! ይኼን እንኳ ረሳኸው?»

«እኔ የምፈልገው ዓይናቸውን ነው» አልኩትና ጀመርኩ። ዝቅ፣ ከፍ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ ምቱን የጠበቀልኝ መሰለኝ፣ የአባቴ ትንፋሽም እንዲሁ።

የማውቀው አለቀና ቆምኩ። እመኑኝ፣ ቆሜያለሁ፣ መቋሚያው ግን አልቆመም። ወደ ግራ እጄ ተሻገረ፣ ማሻገሬን አላስታውስም፣ እና ማንኪያ እንኳ በወጉ የማይዘው ግራ እጄ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ተነሣ፣ በትከሻዬ ዞረ። አልፈራሁም፣ የሚገርመኝ ይኼ ነው፣ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው ሰውነቴ ሁሉ ላላ ብሎ ደስ ይለኝ ነበር። የአባቴ ቀኝ እጅ ጋቢው ላይ እንደተጋደመ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

«ይኼ የየኔታ አነሣስ ነው! ከማን ተማርከው?» አለ ሞገስ በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

«በማርያም፣ እንዳታቋርጥ!» ብሎ አልጋው አጠገብ ቆመና ግራዬን እያየ በቀኙ ይከተለኝ ጀመር።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጄ አየር ላይ ቀረ። ገለጡ፣ ቀጠለ። በመጨረሻ መቋሚያው ደረቴ ላይ ተደገፈ፣ ግራ እጄ ለቀቀውና ወደ እርሳቸው ተዘረጋ፣ መዳፉ ወደ ምድር፣ ጣቶቹ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ እጄ የእኔ ሆነ፣ ከበደኝ።

የአባቴ ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር። «አባባ፣ ምን ማለትዎ ነው?» አልኳቸው፣ አንደበት እንደሌላቸው ረስቼ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ለፍልሰታ ሞገስ መራ፣ ካህናቱም ተከተሉት፣ በመጨረሻም መቋሚያቸውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ፣ ጣታቸውን አንዴ አንቀሳቀሱ፣ እልልታው ቀለጠ። ሞገስ «እመቤታችን ምእመናንን ስትጠራ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል፣ ሙሉውን ከዚያ በፊት ያየ ስለሌለ የሚያርመው የለም። ግን ዝማሜው ያለቀው ከዚያ በፊት ቢሆንስ? እጁ የተዘረጋው ለእኔ ቢሆንስ? እኛ ዘንድ ሰው ሲጠራም ሲያሰናብትም መዳፉ ወደ ምድር ነው፣ የሚለየው ጣቶቹ ወደ ውስጥ መሄዳቸው ወይ ወደ ውጭ ነው፣ እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ የማየው የአባቴን ዓይን ነበር፣ እጄን አላየሁትም። ሞገስን ስጠይቀው «እንዳየሁት ነው የማደርገው» ይለኛል፣ ሳየው ግን አንዱን ዓመት «ና»፣ አንዱን ዓመት «ሂድ» ይመስለኛል።

እዚያ ቦታ ሲደርሱ ግራ እጄን ከጋቢዬ ሥር በቀኜ አፍኜ እይዘዋለሁ፣ ሊነሣ ስለሚታገለኝ።