የጉተማ አወዳደቅ

ጉተማ የሰፈሩን ልጆች ዱላና ጋሻ በሚያስተምርበት ግቢ፣ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ወዲያ፣ ጋሻውን እንደተንተራሰ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ነጋዴው መሐመድሰዒድ ነው። ልጁ የረሳውን ጋሻ ሊወስድ ማለዳ መጥቶ የእሾህ መዝጊያውን ቢገፋው ሬሳውን አየ፤ እሪ ብሎ አገር ሰበሰበ። ዳኛው ባሻ ወልደአማኑኤል ሲደርሱ ገዳዩ ታውቆ ነበር። ሁንዴ የሚባል፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ደካማው ልጅ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብሎ አምኗል።

ባሻ ለወሬ አይቸኩሉም። ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ቆዩ። የጉተማ ግራ ጆሮ ግንድ ተፈርክሷል። ቀኝ ጉንጩ ከጋሻው ቆዳ ጋር ተጣብቋል፤ ጋሻውም ከሥሩ ያለውን አፈር አጎድጉዶ ገብቷል።

«ምን ይመረመራል፣ ባሻ?» አለ ሐዲስ ከኋላቸው፣ ዐይኑ በለቅሶ ቀልቶ። የጉተማ ባልንጀራና የሥራ ጓደኛ ነው፤ የባሻንም ልጅ ጋሻ አያያዝ ያስተማረ እሱ ነው። «ልጅ ነው፤ ሳያውቅ ነው። ይማሩት።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ትናንት ሞጆ ዋልኩ፣ እዚያው አደርኩ። አሁን መግባቴ ነው።»

መሐመድሰዒድ ደግሞ ሳይጠየቅ ላብ አጠመቀው። ባለፈው ሰሞን የልጁ ጥርስ በልምምድ ወልቆ በጉተማ ላይ መዛቱን የማያውቅ አልነበረም።

«ዝቻለሁ፣ ወላሂ! ግን ልጄን ከዚህ ግቢ ከማስቀር ቁርሱን ባስቀረው ይቀለኝ ነበር። ጉተማን ይወደው ነበር እኮ!»

ባሻ ወደ ሁንዴ ቤት ሄዱ። ልጁ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ዱላው እንደ ልጆቹ ዱላ ሁሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ የደም ነጠብጣብ እንኳ የለበትም።

«እስቲ እንዴት እንደመታኸው ንገረኝ።»

«ጋሼ ጉተማ ትምህርቱ ሲያልቅ ፈሪውን ልጅ ‹ና፣ ግጠመኝ› ይላሉ። ሲመታቸው ‹ገደልከኝ!› ብለው ይወድቁና ጋሻቸውን ተንተርሰው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ያሸነፈው ወደ ኋላ ሳያይ ወደ እናቱ ይሮጣል፤ ሌሎቹ እየዘፈኑ ይከተሉታል። ዘፈኑ ሳይርቅ አይነሡም።»

«ትናንት ተራው ያንተ ነበር?»

«አዎ። ከዚያ በፊት አሸንፌ አላውቅም።»

እናቱ ውዴ ጣልቃ ገባች። «እየፎከረ ገባ፣ ባሻ፤ እልል አልኩለት። ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ሲመለስ ግን ሌላ ልጅ ሆኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም። ያ ዋቀዮ! እልልታዬ ለሞት ነው እንዴ?»

«ውሃው ዘንድ ማንን አገኘህ?» አሉ ባሻ።

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። ባሻ ደጋግመው ቢጠይቁትም አልተነፈሰም። ሲወጡ ልባቸው ከብዶ ነበር፤ የጠረጠሩትን መጠርጠር አልፈለጉምና።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከግራሩ ሥር ለአፈርሳታ ተቀመጠ። ገዳዩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚገባ የለም።

«ስሙኝ» አሉ ባሻ። «ቆሞ የተመታ ሰው እንደሆነው ሆኖ ይዘረራል እንጂ ጋሻ ተንተርሶ አይተኛም። ጉተማ ለጨዋታው እንደተኛ፣ ዐይኑን እንደጨፈነ ነው የተመታው። ጋሻውን መሬት ያስገባው ከላይ የወረደ ዱላ ነው። በዚያን ሰዓት ሁንዴ ልጆቹን ሁሉ አስከትሎ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። ደግሞም ጉተማ መሞቱን አገር የሰማው ዛሬ ማለዳ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ትናንት ያውቅ ነበር። ወደ ኋላ ያላየ በምን አወቀ? ነጋሪ አለው። ከገዳዩ በቀር ደግሞ ያን ጊዜ ማን ያውቃል? ልጅ እንዲህ አፉን የሚዘጋው ለሚያምነው ሰው ነው። ሁንዴ፣ ማን ነገረህ?»

«አልናገርም። በእናቴ ምያለሁ። ከተናገርኩ ትሞታለች።»

ውዴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «በእኔ የማልከውን እኔው ፈታሁልህ። ብሞትም ልሙት፤ ተናገር!»

ልጁ ቀስ ብሎ ዞረ። «ጋሼ ሐዲስ ናቸው። ‹በመታኸው ሞቷል፤ እኔ እንደነገርኩህ አትናገር፣ አድንሃለሁ› አሉኝ።»

«ሞጆ አደርኩ አላልከኝም?» አሉ ባሻ። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! የገዛ ልጄን የሰጠሁህ ሰው!»

ሐዲስ አልካደም። «እኔ ተገርፌ ተማርኩ፤ ገርፌም አስተማርኩ። እሱ ግን እየወደቀላቸው ተማሪዎቼን አንድ በአንድ ወሰደብኝ። ትናንትም በአጥሩ አየሁት፤ ወድቆ ፈገግ ብሏል። ፈገግታውን አልቻልኩትም።»

ሁንዴ ከፊቱ ሄዶ ቆመ። «እኔን ለምን አሉኝ?»

ሐዲስ ቀና አላለም። «የምታምነኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ሌሎቹ አያምኑኝም ነበር።»

ሰዉ ልጁን «እሰይ! እንኳን ነጻ ወጣህ!» እያለ ከበበው። እሱ ግን ገዳይ ነኝ ብሎ ባደረበት ሌሊት ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣው። ውዴ ብታቅፈው፣ ባሻ ቢያባብሉትም፣ አልጽናናም አለ።