ምላስ የታላቅ ነው

በአርዋን መንግሥት የጥፋቱ ምልክት የታየው በማለዳ ነበር። ፈረሶች ወደ ጨው ሐይቁ ወርደው ውሃውን ጠጡ። ምድር ከተፈጠረች ጀምሮ እንስሳ አፉን ያላስነካውን ውሃ ፈረስ ሲጠጣ ያዩ ሽማግሎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ለሐይቁ ጨው የሚወልድለት እናት ድንጋይ ተሰርቆ ነበር። ኩርፋን የተባለው ክንፋም ዘንዶ ከሐይቁ ወለል ነቅሎ ከበረዶው ተራራ ማዶ ወዳለው ዋሻው ወስዶታል።

ዓመት ሳይሞላ አገሩ ታመመ። ከብቱ ግድግዳ እየላሰ ወደቀ፤ ሕፃናት አንገታቸውን መሸከም አቃታቸው። ጨው ሳለ ማንም አያስበውም፤ ሰው ያለውን የሚያውቀው ሲያጣው ነው።

ንጉሥ ዘልአምን ሠራዊት አልላከም። ጦር ድንጋይን ከድንጋይ አይለይምና ድንጋይ ለዪዎችን አስጠራ። እነዚህ ድንጋይን በጥፍር ጭረው፣ በመዶሻ ሰብረው፣ ሆምጣጤ አንጠብጥበው፣ በመጨረሻም በምላሳቸው ቀምሰው ስሙን የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። በሕይወት የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሽማግሌው ሞርቃንና ከጡት ጀምሮ ያሳደጋት የሟች እኅቱ ልጅ ዛሪት።

ዛሪት በዙፋኑ ፊት ተንበረከከች። «ንጉሥ ሆይ፣ በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ፤ እናት ድንጋዩን ሳልይዝ የአርዋንን ደጃፍ አልረግጥም። ሞት የሚቀመስ ከሆነም ቀድሜ የምቀምሰው እኔ ነኝ» አለች።

ሞርቃን ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠራረገ። «የመጨረሻውን እንኳ ተይው ልጄ» አላት በሹክሹክታ። «በሙያችን ምላስ የታላቅ ነው።»

እውነቱን ነው። ከድንጋይ መካከል የሚገድል አለ፤ ስለዚህ ታላቅ ይቀምሳል፣ ታናሽ አይቶ ይማራል። የሙያው ሕግ ይህ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን የከፋ ነገር አልገጠማቸውም።

ወንድራድ የተባለ ጦረኛ ተጨምሮላቸው ሦስት ሆነው ወጡ። ከተራራው ማዶ የሚነድ ነገር አይበቅልም፤ ስለዚህ ሞርቃን በሰም የተነከረች አንዲት ችቦ በቆዳ ጠቅልሎ ያዘ። የእናት ድንጋዩ ብናኝ እሳት ላይ ሲወድቅ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል። ከምላስ በቀር የመጨረሻው መለያ ይህ ብቻ ነበር።

በተራራው ላይ ግን በረዶው ከዛሪት እግር ሥር ተሰነጠቀና ከበታቹ ካለው ውሃ ውስጥ ሰጠመች። ጎትተው ሲያወጧት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሞርቃን አላመነታም፤ ቆዳውን ፈቶ ችቦዋን ለኮሳት። ዛሪት ዓይኗን ስትገልጥ የቀረው ፍም ብቻ ነበር።

«ምን አደረጉ ጋሼ?»

«እግሬን በረደኝ» አላት፤ ፊቱንም አዞረ።

ከዋሻው ሲደርሱ ወንድራድ ጋሻውን በጦሩ እየመታ ዘንዶውን ወደ ገደሉ ሳበው። አጎትና የእኅት ልጅ ገቡ። ግድግዳው በራሱ ብርሃን ያበራ ነበር፤ በመካከሉም አምስት ጥርት ያሉ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። የጥንት ትንቢት እንደሚለው ዋሻው አንድ ድንጋይ ብቻ ያስወጣል፤ ሁለተኛ ይዞ ለመውጣት የሞከረ ላይ አፉን ይዘጋል።

ዛሪት የመጀመሪያውን በጥፍሯ ስትጭረው ተፈረፈረ፤ ጀሶ ነው። ሌላኛው የቢላዋዋን ስለት አዶለዶመ እንጂ አልተጫረም፤ ጨው እንዲህ አይጠነክርም። ሦስተኛው ላይ ሆምጣጤ ጠብ ስታደርግ አረፋ ደፈቀ፤ የኖራ ድንጋይ ወገን ነው። ሁለት ቀሩ። የሁለቱም ጫፍ ሲሰበር አራት ማዕዘን እየሆነ ተከፈለ። ሁለቱንም የመዳብ ቀለበቷ ጫራቸው፤ ሆምጣጤው በሁለቱም ላይ ዝም አለ፤ በውሃ ጠብታ ሁለቱም ላይ ላዩን ሟሙ። አንዱ እናት ድንጋዩ ነው። ሌላው ኩርፋን ለማታለያ የሠራው የሞት ጨው ነው፤ ቅንጣት የቀመሰ አይድንም። እሳት ቢኖር ይህኛው አረንጓዴ ይነድ ነበር።

ዛሪት እጇን ስትዘረጋ ሞርቃን ክንዷን ያዘ።

«ምያለሁ ጋሼ።»

«አንቺ ለንጉሥ ማልሽ። እኔ እናትሽ ስትሞት ለእሷ ምያለሁ።»

የግራውን አነሣና እንደ ልማዱ ተረተበት። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ይሉሃል።» ምላሱን ነካ አደረገበት።

አጣጣመው። «መራራ ነው» አለ ከዚያ፣ ዘወትር ሲያስተምራት በሚናገርበት ድምፅ። «መራራ፤ ኋላ ላይ ብረት ብረት ይላል። ይኼን አትርሺ።» ጉልበቱ ከዳው። «የቀኙ ነው። ውሰጂና ሂጂ።»

አልሄደችም። ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ትንፋሹ እስኪቆም ድረስ ተቀመጠች። ዓይኖቹን ከደነች፤ ድንጋዩን ይዛ ወጣች። ልቧ እዚያው ቀረ።

እናት ድንጋዩ ከዋሻው ደፍ ሲያልፍ፣ በሰረቀው ድንጋይ ኃይል ይኖር የነበረው ኩርፋን በአየር ላይ እንዳለ ደርቆ አመድ ሆነ። ወንድራድ ቆስሎ ተረፈ። ከሳምንታት መንገድ በኋላ ድንጋዩ ወደ ሐይቁ ሲጣል ዳርቻው ነጣ፤ ከብቱ ጨው ሊልስ እየተንጋጋ ወረደ፣ ሕዝቡም በእልልታ ከተማዋን ሞላ። ንጉሡ ሽልማት ሊሰጣት ቢያስጠራትም አልተገኘችም።

ዛሪት ከሞርቃን ሚስት ከዋልታ ደጅ ቆማ ነበር። ዋልታ የዛሪትን ብቻዋን መምጣት አይታ ሁሉም ገባት፤ አልጮኸችም።

«ቀምሶ ነው?»

«አዎ እቴቴ።»

«እሳት ይዛችሁ አልነበረም?»

ዛሪት መዋሸት ትችል ነበር። «ይዘን ነበር። በረዶው ላይ ልሞት ስል ለእኔ አነደደው።»

ዋልታ ጠጋ አለቻት። ከዚያ ጉንጯን በመዳፏ ያዘቻት።

«ሞቀሽ?»

«ሞቀኝ እቴቴ።»

«እንግዲያው ግቢ፤ ደጅ አትቁሚ» አለቻት። ሁለቱም ገብተው በሩን ዘጉና አለቀሱ።