ማሞቂያውን የመረጠው ማን ነው?

ወይዘሮ ኦቫሊን ስቲድሃም የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ካልሲ እየሰፉ ነበር። መርፌው እንኳ ከጣታቸው አልወደቀም። ጉንጮቻቸው ቀልተው ለማያውቅ ሰው ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ሐኪሙ ግን ያንን ቅላት ሲያይ ጠርጥሮ ደማቸውን አስመረመረ። የተገኘውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሰው በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ ሲተኛ ሳያስነቃው የሚገድለው ያው መርዝ።

በእኛ በኬንታኪ ተራሮች ወሬ ክንፍ አለው። ቀትር ሳይሆን ሸለቆው ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨረሰ፤ አዲሱ ማሞቂያ ገደላቸው ተባለ። የሴትዮዋ ቤት በከባድ መኪና ተጎትቶ የመጣ ተገጣጣሚ ቤት ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ ብሎኬት ላይ ተቀምጧል፤ ከወለሉ ሥር ያለውን ክፍት ቦታ ዙሪያውን የፕላስቲክ ግርዶሽ ይሸፍነዋል። ማሞቂያው ጓሮ የተቀመጠ ግራጫ ሳጥን ነው። ከእሱ የሚወጡ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች በወለሉ ሥር ያልፋሉ፤ አንደኛው የቤቱን አየር ይስባል፣ ሌላው አሙቆ ይመልሳል። ከተገጠመ አንድ ሳምንት አልሞላውም። ሸሪፉም ጊዜ ሳያጠፋ ገጣሚውን ዴልመር ኩትስን አሰረው።

መርማሪ ሮዊና ፉጌት የተላከችው ጉዳዩን እንድትዘጋ እንጂ እንድትከፍት አልነበረም። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ያቀረበላትን ምግብ የማትገፋ ሴት ናት። ስትበላ አይተው የናቋት ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ ዛሬም እስር ቤት ሆነው ይጸጸታሉ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሟቿ ልጅ ወደ ታምሲን ቤት ነው። ጎረቤት ለለቅሶ ያመጣው ምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶታል፤ የነካው ግን የለም።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ታምሲን ገና በሩን ስትከፍት።

«በምን?»

«በምርጫዬ! አሮጌው ማሞቂያ ሲበላሽብን ዴልመር ሁለት ዓይነት አለ አለን። ሁለቱም ሁሉ ነገራቸው አንድ ሳጥን ውስጥ የታጨቀ፣ ውጭ የሚቀመጡ ናቸው። አንደኛው ጋዝ ያነዳል። ሌላው ሂት ፓምፕ የሚሉት ነው፤ በኤሌክትሪክ እየሠራ ከውጭው አየር ሙቀት ይለቅምና ወደ ቤት ያስገባል። አክስቴ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተቃጥላ ነው የሞተችው። እሳት ከእናቴ ይራቅ ብዬ ለመንኳት። ‹እሳት የለውም› ብሎኝ ነበር እኮ ዴልመር! ወይ ዋሽቶኛል፣ ወይ እኔ አልገባኝም። ያም ሆነ ይህ እማዬ ሞታለች።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ከብርድ ውስጥ ሙቀት የሚያወጣው ጠንቋይ ነው እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝ። ኋላ ግን እሺ አለችኝ። አጎቴ ኦርቢ እንኳ ሳጥኑ የሚቀመጥበትን ሲሚንቶ እያፈሰሰ ‹ይሄ የኤሌክትሪክ ሌባችሁ› እያለ ሲያሾፍብን ነው የዋለው።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አልከደንኩም። ስከድን ያንን ሳጥን ነው የማየው።»

ሮዊና ከበቆሎ ዳቦው ቆረሰች።

«ስሚኝ ልጄ፤ የገደልሽው አንቺ ከሆንሽ አልደብቅሽም፣ እነግርሻለሁ። ካልሆንሽም እነግርሻለሁ። እስከዚያው ፍርዱን ለኔ ተይልኝ።»

ከዚያ ወጥታ ወደ ሟቿ ቤት ሄደች። ግቢው ጠጠር ለብሷል፤ የማንም እግር አሻራ አይታይበትም። ሳጥኑን ዞረችው። ከጀርባው አንድ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ይወጣል፤ ሌላ ነገር የለም። የአሮጌው ማሞቂያ ነጭ የጋዝ ታንክ አጥሩ ጥግ ቆሟል፤ ገና የሚያነሳው አልመጣም እንጂ አፉ በክዳን ታሽጓል። ሮዊና ክዳኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ግርዶሹን አንስታ፣ የፈጠራትን አምላክ ስለ ጉልበቷ እየወቀሰች፣ በሆዷ ተሳበች።

አየር የሚስበው ቱቦ ከአፉ ወልቆ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሸሪፉም ዴልመርን ያሰረው ይህንን አይቶ ነው። ሮዊና ግን ባትሪዋን አስጠግታ የቱቦውን አንገት አየችው። የብረቱ ማሰሪያ ነክሶ የተወው ጥልቅ ክብ ምልክት አለበት። ከራሱ ከቱቦው በላይ ያለው የወለሉ ብረት ደግሞ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል፤ በእጇ ስትነካው ጣቷ ጠቆረ። መሬቱ ደረቅ ቀይ አፈር ነው፤ ሁለት የጎማ መስመሮች ገብተው ወጥተውበታል።

በእኛ አገር በረዶ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲበጥስ እንዳይጨንቀው ጄኔሬተር የሌለው ሰው የለም። የወይዘሮ ኦቫሊንም በመጋዘናቸው ውስጥ ነበር። በጎማዎቹ ላይ ቀይ አፈር ተጣብቋል።

የባላቸው ወንድም ኦርቢ ከታችኛው ቤት ሆኖ ሲጠብቃት ነበር። ትንባሆውን ወደ ጣሳው ተፋ።

«አንቺ ሴት፣ አይጥ መሰልሽ እኮ!»

«አንተ ደግሞ ተጠርጣሪ። ከኦቫሊን ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ሃያ ዓመት ተጣልተናል። በጓሮዋ መንገድ አታልፍም አለችኝ። ለመጣላት በየሳምንቱ ኬክ ይዛ ትመጣ ነበር።» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። «አሁን ማን ይጣላኛል?»

«መሞቷን የሚፈልግ ነበረ?»

«ቤቷ ያለበትን ኮረብታ ጠጠር ፈጪዎቹ ሊገዙት ይፈልጋሉ። እሷ ደግሞ ‹ባሌ የተቀበረበትን አፈር ለወፍጮ አልሰጥም› ብላ ሙጭጭ አለች። እኔ አይሸጥ እላለሁ፣ ታምሲንም አይሸጥ ትላለች። ይሸጥ የሚለው ሌላ ነው።»

«ማን?»

«መርማሪዋ አንቺ አይደለሽ?»

ዴልመርን እስር ቤት አገኘችው። ቀጭንና አንገተ ረጅም ሰው ነው።

«ማሰሪያውን አጥብቄዋለሁ፣ ወይዘሮ ፉጌት። እሳት የለውም ብልም ሸሪፉ አልሰማኝም። እትዬ ኦቫሊን ራሳቸው ባትሪ ይዘውልኝ ነበር። እንደ እናቴ ነው የማያቸው፤ እሳቸውን…»

«አውቃለሁ ማጥበቅህን» አለችው። ዴልመር እስከዚያ ድረስ ከእናቱ በቀር ቃሉን ያመነለት ሰው ስላልነበረ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በመጨረሻ የሄደችው ወደ ወይዘሮ ኦቫሊን ወንድ ልጅ ወደ ጋርላንድ ነው። ሰፊ ትከሻና ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ለምዷል። ሮዊና ቤቱ ስትገባ ዓይኑ አብጦ ነበር። ሚስቱ የፖም ኬክ አቀረበችላት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ።

ሮዊና ማኘኳን አቆመች። «በምን?»

«በምርጫዬ ነዋ! እሑድ ምሳ ላይ ዴልመርም ባለበት ሁላችን ተሰብስበን ስንመክር ጋዙ ይሻላል ብዬ ያስመረጥኳት እኔ ነኝ። በሁሉም ፊት እሺ አለችኝ። ያ ዴልመር ደግሞ እጁ አይረባም፤ በደንብ አልገጠመውም። ከመሞቷ በፊት ደውላልኝ ነበር። ‹ጋርላንድ፣ የማሞቂያው እሳት ቢጫ ሆኗል› አለችኝ። ቢጫ እሳት መርዝ እንደሚያወጣ እያወቅኩ ነገ አየዋለሁ አልኳት። ነገ አልኳት፣ ይገባዎታል?»

«በራሳቸው አንደበት? ‹እሳቱ› ብለው?»

«በራሷ አንደበት። እግዜር ያየኛል።»

«ያያል» አለች ሮዊና፤ ሹካዋን አስቀመጠች። ኬኩን አልጨረሰችውም። እሷን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ በዚህ ብቻ ይደነግጥ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም በታምሲን ቤት ሰበሰበቻቸው። ዴልመር በካቴና እንደታሰረ ከሸሪፉ ጎን ተቀመጠ። ኦርቢ ዛሬ ትንባሆ አልያዘም። ጋርላንድ እህቱን በአንድ እጁ አቅፏታል፤ ታምሲን ግን ዓይኗን ከመርማሪዋ ላይ አላነሳችም። የሞት ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ደርቃ ነበር።

«አንድ ነገር ሲያስቸግረኝ ከረመ» ብላ ጀመረች ሮዊና። «ጥፋት ሲሆን ሰው ይሸሻል። እዚህ ቤት ግን ሁለት ሰው አንድን ጥፋት ተሻማ። ታምሲን ማሞቂያውን እኔ መረጥኩት አለችኝ፤ ጋርላንድም እኔ መረጥኩት አለኝ። የመረጡት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ዴልመር፣ የገጠምከው የትኛውን ነው?»

«ሂት ፓምፑን።»

«ምን ያነዳል?»

«ምንም። እሳት የሚባል ነገር የለውም። ገመድ እንጂ የጋዝ ቱቦ እንኳ አይገባበትም።»

የጋርላንድ እጅ ከእህቱ ትከሻ ላይ ወረደ።

«እሳት በሌለበት ጭስ የለም» አለች ሮዊና። «ይህ መርዝ ከጭስ እንጂ ከሌላ አይመጣም፤ ስለዚህ ከሳጥኑ አልወጣም። ከውጭ መጣ ማለት ነው። የወለቀው ቱቦ አንገቱ ላይ የማሰሪያው ንክሻ አለ፤ ጠብቆ ነበር፣ ሰው ነው የፈታው። ከበላዩ ጥላሸት አለ። የጄኔሬተሩ ጎማ ላይ የቤቱ ሥር አፈር አለ። አንድ ሰው ጄኔሬተሩን ከወለሉ ሥር አስገብቶ፣ ክፍት ከሆነው ቱቦ አጠገብ አስነሳው። ማሞቂያው አየር ሲስብ ጭሱን እየሳበ ወደ ቤት አስገባ። ሴትዮዋ ድምፁ የአዲሱ ማሞቂያ መስሏቸው ካልሲ እየሰፉ ሞቱ። ሰውየውም ጄኔሬተሩን ወደ ቦታው መለሰው።»

ሸሪፉ ዴልመርን ላለማየት ባርኔጣውን አገላበጠ።

«ያ ሰው እኛ ምን እንድንል ፈለገ? አዲሱ ማሞቂያ ገደላት እንድንል። ማሞቂያው የማያነድ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ወጥመድ አይሠራም። ዴልመር ገጥሞታል፤ ያውቃል። ታምሲን መርጣዋለች፤ ታውቃለች። ኦርቢ እየሳቀበት ሲሚንቶ አፍስሷል፤ ያውቃል። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ኮረብታው ይሸጥ የሚለውም ያው ሰው ነው። እሱም እናቴ ደውላ የማሞቂያው እሳት ቢጫ ሆኗል አለችኝ ብሎ ነገረኝ። የትኛው እሳት ነው፣ ጋርላንድ?»

«ውሸት ነው!» ጋርላንድ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። «ጋዙን ነው የመረጠችው! ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እሺ ብላኛለች! ሁላችሁም ሰምታችኋል!»

«ብለው ነበር» አለ ዴልመር ቀስ ብሎ። «ማግስቱን ደወሉልኝ። ‹ታምሲን የምትለውን አምጣልኝ፤ ለጋርላንድ ግን አትንገረው፣ ይጮህብኛል› አሉኝ።»

«እኛም አልነገርንህም» አለ ኦርቢ። «ምሳችንን በሰላም እንድንበላ ስንት ዓመት ሙሉ እሺ ስንልህ ኖረናል፣ አንተ ልጅ። ዞር ስትል የፈለግነውን እናደርጋለን። እውነት ይመስልህ ነበር?»

ጋርላንድ አንድ በአንድ አያቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ረግፎ ሌላ ነገር መጣ፤ ሰው የራሱ ቤት ውስጥ ባዕድ ሆኖ መኖሩን ድንገት ሲያውቅ የሚመጣው ዓይነት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። «አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ…»

«ቢነግርህ ምን ታደርግ ነበር?» አለች ሮዊና።

ጋርላንድ የገለበጠውን ወንበር አንስቶ ተቀመጠበት። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መልሱን በዚያ ሰማ። ሸሪፉ የዴልመርን ካቴና ፈትቶ ወደ ጋርላንድ ሄደ።

የሸሪፉ መኪና ጋርላንድን ይዞ ከሄደ በኋላ ታምሲን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ብነግረው ኖሮ በሕይወት ትኖር ነበር?»

ሮዊና ጉልበቷን እያሻሸች አጠገቧ ተቀመጠች። መዋሸት ትችል ነበር፤ ለደግ ነገር የሚዋሽ ብዙ አለ። «አላውቅም። ሌላ መንገድ ይፈልግ ነበር፣ ወይም ይተወው ነበር። የማላውቀውን አልነግርሽም። የማውቀው ይህን ነው፦ ያ ሳጥን ጋዝ ቢሆን ኖሮ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። ዴልመር እስር ቤት ይበሰብስ፣ ኮረብታው ይሸጥ፣ ወንድምሽም አቅፎሽ ሲያለቅስ ይኖር ነበር። አንቺ የመረጥሽው አልገደላቸውም። ገዳያቸውን የያዘው እሱ ነው።»

ታምሲን እስካሁን ያለቀሰችው ሁሉ ስለ ራሷ ጥፋት ነበር፤ ከዚያ ጥፋት ሌላ ምንም ለማሰብ ቦታ አልነበራትም። አሁን ያ ሲነሳላት ከሥሩ ተደብቆ የቆየው ብቅ አለ፤ እናቷ የለችም፣ ነገም አትኖርም።

«እማዬን» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቷ እያለቀሰች።