ሞጁሉ ስንት ነው?

የሮቦቱ ክንድ የውሃውን ጠርሙስ ከጠረጴዛው ስንዝር ያህል ከፍ አደረገና ቀጥ አለ። ሞተሩ አጓራ፤ ከውስጥ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚያንገሸግሽ ድምፅ ወጣ።

«አጥፊው፣ አጥፊው» አለች ቀድሜ።

ጓደኛዋ፣ ሬዲዮ የሚሏት፣ ገመዱን ነቀለች። ጠርሙሱ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ፎረሸ» አለች ሬዲዮ። «ይኸው ፎረሸ። እኔ እኮ የሞተሩን ብሎን አላልቼ ወደ ኋላ ስገፋው ነው የጠረጠርኩት። አዲሷ ማርሽ በግድ ነው የገባችው። ግን እኔን ማን ይሰማኛል?»

ሬዲዮ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች አጠገቧ አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሁሉ ይገባዋል። ቀድሜም የቤት ስሟ አይደለም፤ መምህር ጥያቄውን ሳይጨርስ እጇን ስለምታወጣ የክፍሏ ልጆች የለጠፉባት ነው። ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችና የትምህርት ቤቱ የሮቦት ክበብ አባላት ናቸው። የሮቦታቸው ክንድ በሚቀጥለው ሳምንት ወላጆች ፊት ሁለት ኪሎ ማንሳት አለበት። ሞተሩ ላይ የተገጠመችው የፕላስቲክ ትንሽ ማርሽ ክብደቱን አልችል ብላ ጥርሷ ሲረግፍ በብረት እንድትቀየር ተወሰነ፤ የብረቷን መርጣ ያመጣችው ደግሞ ቀድሜ ናት።

ክበቡን የሚመራው የፊዚክስ መምህር ሁለቱን ማርሾች ፈትቶ አወጣ። ካሊፐሩን ከኪሱ መዘዘና ትልቁን ከዳር እስከ ዳር ለካው።

«አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሚሊ። ጥርሱ ስልሳ ነው፣ ቀመሩ እንደሚለው ሁለት እንጨምርበት፣ ስልሳ ሁለት። አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ለስልሳ ሁለት ሲካፈል?»

«ዜሮ ነጥብ ስምንት» አለች ቀድሜ፣ እንደ ልማዷ ከሁሉም በፊት።

«ጎበዝ። ትንሿ ደግሞ ሃያ ሁለት ሚሊ። ሃያ ጥርስ፣ ሁለት ሲጨመር ሃያ ሁለት። ሲካፈል አንድ።» መምህሩ ሁለቱን ብረቶች ጎን ለጎን ያዛቸው። «አያችሁ፣ የአንደኛው ጥርስ ቀጭን ነው፣ የሌላኛው ወፍራም። የጥርሳቸው ቁጥር እንደተፈለገው ቢሆንም በመጠን ካልተስማሙ አይነካከሱም። ይሄ የጥርስ መጠን ነው ሞጁል የሚባለው።»

ቀድሜ ጆሮዋ ጋለ።

ትናንት፣ ማርሽ ሻጩ ጋሽ ጥርሴ በመነጽራቸው አናት አይተዋት «ሞጁሉ ስንት ነው?» ብለዋት ነበር። ክበቡ ውስጥ ሞጁል የሚባለው የመማሪያ ጥራዙ ነው። ሞጁል አንድን ጨርሰው ሞጁል ሁለትን ሊጀምሩ ነው። ሽማግሌው ስለ ትምህርቷ የጠየቋት መስሏት፣ እንዲያውም እንዴት አወቁ ብላ ተገርማ፣ «አንድ» አለቻቸው። «እርግጠኛ ነሽ?» ሲሏትም «እንዴ ጋሼ፣ እኔ አጥቼው ነው?» ብላ ሳቀች። እሳቸውም «አንድ» ተብሎ ከተጻፈበት ጣሳ ባለ ሃያ ጥርሷን አውጥተው ሰጧት።

«ምን ብለሽ ነው የጠየቅሻቸው?» አለ መምህሩ።

ሬዲዮ አየቻት። ሌሎቹም አይዋት። የመማሪያ ጥራዝ መስሎኝ ነው ብትል ሳቁ እስከ ሰኔ እንደማያልቅ ታወቃት።

«ዜሮ ነጥብ ስምንት ብዬ ነዋ» አለች። «እሳቸው ናቸው የተሳሳቱት።»

ዓይኗን በጨው ታጥባ ስትዋሽ ያ የመጀመሪያዋ ነው ብል እኔም እዋሻለሁ። ጥፋቷን በሰው ላይ ስታላክክ ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

መምህሩ ካሊፐሩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። ጋሽ ጥርሴ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ክበቡን እንዲያስተምሩ ዳይሬክተሯን ለምኖ ያስፈቀደው እሱ ነው። ዳይሬክተሯ «የምስክር ወረቀት የሌለውን ሰው ምን ብዬ ክፍል አስገባለሁ?» ሲሉት «ለእጃቸው እኔ ዋስ ነኝ» ብሎ ነበር።

«እኔ እኮ ሰው አምኜ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «የቅዳሜው ቀርቷል። ማርሽ መምረጥ ያቃተው ሰው ልጆች እንዲያስተምር አልፈቅድም ብለዋል። እውነታቸውን ነው።»

ቀድሜ አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ ያበቃ ነበር።

ከትምህርት መልስ ሁለቱንም ማርሾች ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ጋሽ ጥርሴ ሄደች። ሱቃቸው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ የዱቄት ወተት ጣሳ ተደርድሮባታል፤ በየጣሳው ላይ በቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፣ ውስጡም ከአሮጌ ማሽን የወጡ ማርሾች ሞልተውታል። ሰውየው ለአካባቢው ማሽን ሁሉ ጥርስ ሲያድሉ ኖረው የራሳቸው የፊት ጥርስ ሁለት ጎድሎባቸዋል። «ጋሽ ጥርሴ» የሚለውን ስም ያወጡት ራሳቸው ናቸው ይባላል።

«አልገጠመም አይደል?» አሏት ገና በሩ ላይ ሲያይዋት።

«አልገጠመም።»

ትልቁን ማርሽ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጥርሱን ዳበሱት። ካሊፐር አላስፈለጋቸውም። «ይሄማ ዜሮ ነጥብ ስምንት ነው። አንድ ነው አላልሽኝም?»

ቀድሜ መሬት መሬት እያየች የጥራዙን ነገር ነገረቻቸው። ጋሽ ጥርሴ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቃቸው ግን አላሳፈራትም። አብራቸው መሳቅ ሁሉ አምሯት ነበር።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ ያልኩሽ መስሎሽ ነዋ። ወይ አንቺ ልጅ።» ዜሮ ነጥብ ስምንት ከተጻፈበት ጣሳ ባለ ሃያ ጥርሷን መርጠው ከትልቁ ጋር አነካከሷትና ወደ ብርሃኑ አቅጣጫ ይዘው አዟዟሯቸው። «በመሃላቸው ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ይኑር። ከተጣበቁ ይግላሉ፣ ከተራራቁ ይንቋቋሉ። ግራሶ ቀቢያት። ትልቁ አንዴ ሲዞር እሷ ሦስቴ ነው የምትዞረው፤ ድካሙ የእሷ ነው።»

«እሺ ጋሼ። ይቅርታ።»

«የምን ይቅርታ? ማርሽ ያለ ጓደኛው አይመረጥም። ለሰው ሁሉ እንዲህ እያልኩ ትናንት ራሴ ረሳሁት። ጓደኛውን አምጪ ማለት ነበረብኝ። መምህርሽ ከተቆጣሽ ጥፋቱ የሽማግሌው ነው በዪው። እኔ ምን ይቀርብኛል?»

የሚቀርባቸውን እሷ ታውቃለች፤ እሳቸው ገና አልሰሙም።

ጋሽ ጥርሴ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጣውላ አወጡ። ከአሥር የሚበልጡ ማርሾች በየሚስማሩ ላይ ተሰክተውበታል። የዳሯን በጣታቸው ሲያዞሯት ሁሉም ዞሩ። «ለቅዳሜ ነው» አሏት። «የምናገረውንም ጽፌዋለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ።» ከሸሚዛቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ራቅ አድርገው አነበቡላት። «እንደምን አላችሁ ተማሪዎች። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።» ቀና አሉ። «ይቺን ልተዋት ወይስ ትኑር? ልጆቹ ይንቁኝ ይሆን?»

«ትኑር» አለች ቀድሜ፤ ማርሾቹንም ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ክንዱ ሁለት ኪሎውን ያለ ኮሽታ አነሳ። አወረደ። ደግሞ አነሳ። ክፍሉ በጭብጨባ ሞላ፤ ከሁሉም በላይ የጮኸችው ሬዲዮ ነበረች።

«ተመስገን» አለ መምህሩ። «ሄደሽ አስቀየርሻቸው ማለት ነው። ስህተታቸውን አመኑ?»

አዎ ብትል ውሸት አልነበረም። ጥፋቱ የሽማግሌው ነው በዪው ያሏት ራሳቸው ናቸው። ሁሉም ሰው በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ብቻ አንድ ሰው ጣውላውን ይዞ በሩ ላይ ይመለሳል።

«አምነዋል» አለች። «ግን ስህተቱ የእሳቸው አይደለም። እኔ ነኝ አንድ ያልኳቸው። ሞጁል ሲሉኝ ይሄ መስሎኝ።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥራዝ አነሳችው። «ትናንት የዋሸሁት እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ ነው።»

ተሳቀ። እንደፈራችው አንዱ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ። ሬዲዮ ግን አልሳቀችም። «በናትሽ፣ ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?» አለች ቀስ ብላ።

መምህሩ ልጆቹ ዝም እስኪሉ ጠበቀ። ተቆጥቷል፤ የተቆጣው ግን ለካ በእሷ ብቻ አልነበረም። «እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ሳልጠይቃቸው ነው የፈረድኩባቸው» አለ። «ዳይሬክተሯ ጋ ገብቼ ግድየለሽ ሰው ናቸው ብዬ መጣሁ። አሁን ደግሞ ገብቼ ምን ልበል?»

«እኔ ልግባ?»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

መምህሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና በጭንቅላቱ እሺ አላት።

የቢሮው ኮሪደር ረጅም ነው። ቀድሜ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታስተካክል ሄደች፤ ጸሐፊዋ ፊት ስትደርስ ግን ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ጸሐፊዋ የምትጽፈውን ሳታቆም «ዳይሬክተሯ እንግዳ ይዘዋል» አለቻት። «ትቆያለሽ። ለመሆኑ ጉዳይሽ ምንድነው?»

«የሰው ስም አጥፍቼ ነው» አለችና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።