የሰላሃዲን ሰንጢዎች

ሰንጢ ሠሪው ሰላሃዲን ልደታ ባለው ቤቱ፣ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ብረት ከሚነክስበት ሞርሳው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። አንድ ሰንጢ እስከ እጀታው ጎኑ ውስጥ ገብቷል። ዘመኑ ሬሳ መንገድ ዳር የሚታይበት ነበርና፣ ለአንድ ሰንጢ ሠሪ መርማሪ መጠራቱ ራሱ ሰፈሩን አስገረመ። ያስጠራችው ሚስቱ ሀሚዳ ናት።

መቶ አለቃ ወልደገብርኤል ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሲደርስ ጥፋተኛ ተብሎ የተያዘ ሰው ጠበቀው። የሟቹ የሥራ ባልደረባ አምሳሉ የፊጥኝ ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ገብረየሱስ ጠመንጃ አንግቶ አጠገቡ ቆሟል።

«ከድካም ገላገልንዎት፣ ጓድ መቶ አለቃ» አለ ገብረየሱስ። «ሲመሽ እንወስደዋለን።»

ሲመሽ የተወሰደ ሰው እንደማይመለስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አምሳሉ ቀና ብሎም አላየም።

«ሲወጋው አይተዋል?» አለ መቶ አለቃው ገብረየሱስን።

«በዓይኔ! ሰላሃዲን እጀታ እየሞረደ ነበር። ተጨቃጨቁ። ይሄ ሰንጢውን ከእጁ ነጠቀና ጎኑ ላይ ሰካው።»

«የሚሞርደውን ሰንጢ?»

«እሱኑ!»

መቶ አለቃው ወደ ሀሚዳ ዞረ። «እህቴ፣ ሌላ ሰንጢ ቤት ውስጥ አለ?»

«ምን አስቀሩልን! ያለቀውን ሁሉ ባለፈው ፍተሻ እኚሁ ጓድ ገብረየሱስ ሰብስበው ወሰዱት። ባሌ ትናንት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሲሸጡት አይቶ መጣ። ዛሬ ለበላይ አመለክታለሁ እያለ ነበር።»

ገብረየሱስ ሳቀ። አብሮት የሳቀ የለም።

መቶ አለቃው ሞርሳው ላይ ጎንበስ አለ። በጨርቅ ተጠቅልሎ በክር የተተበተበ ነገር ተነክሶበታል። ከጨርቁ የወጣው ቀንድ ገና ሻካራ ነው፤ ብናኝ ለብሷል።

«አምሳሉ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰንጢ ነው፣ ጌታዬ፤ ቀንዱ እጀታው ነው። እጀታው ሲሞረድ ስለቱ ታጥፎ ይታሰራል፤ አለዚያ ድንገት ተከፍቶ እጅ ይቆርጣል። ጋሼ ሳያስር ሞርዶ አያውቅም።»

መቶ አለቃው ደጅ ተሰብስቦ የነበረው ለቀብር የመጣ ሰው ሁሉ ወደ ግቢው እንዲገባ አዘዘ። በር ዘግቶ ቢናገር ቃሉ እዚያው ታፍኖ እንደሚቀር ያውቃል።

«ሰላሃዲን ሲሞርደው የነበረው ይኸው» አለ። «ከሞርሳው አልወጣም፤ ማሰሪያውም አልተፈታም። ስለዚህ ከእጁ የተነጠቀ ሰንጢ የለም። የገደለውን ሰንጢ ደግሞ እዩት፤ እጀታው ተወልውሎ ያለቀለት ነው። እዚህ ቤት ያለቀ ሰንጢ አልቀረም። ያለቁት ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ናቸው። ያ ሰው በጨርቅ የታሰረውን ሰንጢ ሲያይ ተራ ቀንድ መስሎት ትቶት ሄደ፤ ከዚያ ያላየውን አየሁ አለን። ሰላሃዲን እንዳያመለክት የፈራውም እሱ ብቻ ነው።»

ገብረየሱስ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ለቀስተኛው አልተበተነም፤ እንዲያውም ጠጋ አለ። ፖሊሶቹ መሣሪያውን ነጥቀው በካቴና አሰሩት።

«እስር ቤት ብዙ አልቆይም» አለ ገብረየሱስ አምሳሉን እያየ።

መቶ አለቃው የአምሳሉን ገመድ ራሱ ፈታ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ነጻ ነህ። ግን አሁኑኑ ከዚህ ከተማ ውጣ። ነገ ማን እንደሚያስፈታው አላውቅም።»

«ቀብሩስ? ጋሼን ሳልቀብር?»

 ሀሚዳ እንባዋን እየጠረገች የጓሮውን በር ከፈተችለት።