ፊት የጎደለው ሥዕል

የዘውድ በዓል ዕለት፣ ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ይርጉ የሚባለው የትምህርት ቤት ዘበኛ የአዳራሹን በር ከፈተና ወዲያው መልሶ ዘጋው። በር ካልተዘጋበት ሬሳ ተነስቶ የሚሄድ ይመስል! ሮጦ ፖሊስ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

የተጠራው መቶ አለቃ ሽብሩ ነበር። ለበዓሉ ጥበቃ ከጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ከይርጋለም ወደ ዲላ የመጣ መርማሪ ነው። አጭር፣ ደረቅ፣ ጠይቆ ሲያበቃ መልሱን ጣሪያ ጣሪያ እያየ የሚሰማ ሰው። ብዙዎች የማይሰማ እየመሰላቸው ከሚገባው በላይ ያወራሉ፤ እሱም ይተዋቸዋል።

አዳራሹ ውስጥ ለበዓሉ ትርኢት አሥራ አንድ ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ከትልቁ ሥዕል ሥር አንድ ሽማግሌ በጎኑ ወድቋል፤ ከጆሮው በላይ ተፈንክቷል። አጠገቡ ደም የነካው የከሰል ካውያ አለ። አንድ ሳፋ ተገልብጦ፣ ውስጡ የነበረው ቀላ ያለ ወፍራም ውሃ ወለሉ ላይ ፈሷል። ሽብሩ ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሸት አደረገው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡላ ነው ጌታዬ። የእንሰት ቡላ» አለ ይርጉ። «ሠዓሊዋ ወርቂቱ ከቀይ አፈር ጋር በጥብጣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አመጣችው። እኔው ነኝ የከፈትኩላት። ካውያውም የሷ ነው።»

«ሟቹስ?»

«ደጀኔ። ድሮ ቃላድ ጣይ ነበር፣ መሬት ሲለካ ገመዱን የሚጎትት። እሷ ስትወጣ መጣና ‹ሥዕሉን ሊቀድዱት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ› አለኝ። አስገባሁትና ቆልፌ ራቴን ልበላ ሄድኩ።»

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ እኔ ጋ። አንዱ ኮሚቴው ቢሮ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ቢሮው ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነሳዋል።»

ሽብሩ ቀና ብሎ ሥዕሉን አየ። በተሰፉ የቡና ጆንያዎች ላይ የተሣለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነው። በእንሰት ጓሮ መካከል የመለኪያ ገመድ ተዘርግቷል። ገመዱን የሚጎትተው ሰው ያለጥርጥር ሟቹ ደጀኔ ነው። ከኋላው ቆሞ በጣቱ «ወዲያ!» እያለ የሚያዝ ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ግን ፊት የለውም። ፊቱ በሚሆንበት ቦታ ያለው ባዶ ጆንያ ነው። በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ደግሞ በቢላዋ የተጀመረ፣ ስንዝር የማይሞላ ቅድ ይታያል።

ወርቂቱን አምጡልኝ ሳይል ራሷ መጣች።

ስለዚች ሴት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ሥዕል ያስተማራት የለም። ጆንያዎቿን በአህያ ጭና በጨለለቅቱ ገበያ፣ በኢዲዶ የመከር ምስጋና፣ በይርጋጨፌ መስቀል እየዞረች በሁለት እንጨት መሃል ዘርግታ ታሳያለች። አንድ ልማድ አላት፤ ከየሥዕሉ የአንዱን ሰው ፊት ሳትሥል ትተወዋለች። የምትሞላው በበዓሉ ቀን፣ ሕዝብ ፊት ነው። ሰውም «እገሌ ነው!» «ኧረ እገሊት ናት!» እያለ ሲከራከር ይውላል። አገሩ የሚወድላት ይህንኑ ነው። የማይወዱላትም ነበሩ፤ ሥራዬ ንጹሕ ነው የሚል ሰው ደግሞ ባዶ ፊት አያስፈራውም።

ሬሳው ከተወሰደ በኋላ ወርቂቱ ከሥዕሏ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። ሁለት ፖሊሶች ከበዋታል።

«ተነሺ ብንላት እምቢ አለች» አለ አንደኛው።

«አልነሳም!» አለች። «ይህ ፊት ሳይሞላ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። እሥር ቤቱ የት ይሄዳል? ይጠብቀኝ!»

ሽብሩ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። «ደጀኔን ይጠሉት ነበር ይባላል።»

ወርቂቱ ደነገጠች። ከባለሥልጣን ወገን «አንቺ» ሳይሆን «እርስዎ» ብሏት የሚያውቅ አልነበረም።

«እጠላው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ያባቴ እንሰት ላይ ቃላድ የጣለው እሱ ነው። መሬቱ ‹ጠፍ ነው፣ ሰው የለበትም› ተብሎ ለባላምባራስ ወንድይፍራው ሆነ። ሰው የለበትም! አባቴ እዚያው ጓሮው ውስጥ ቆሞ እያየ! በዚያው ዓመት ሞተብኝ።»

«ታዲያ ደጀኔ ለምን ሥዕልዎን ሊጠብቅ መጣ?»

«አረጀ፣ ሕሊናው ከበደው። ባለፈው ወር ቤቴ መጥቶ አለቀሰ። ‹ጠፍ ነው፣ ጎትት ያለኝን ሰው ስም በበዓሉ ቀን አገረ ገዥው ባለበት እናገራለሁ፤ አንቺ እዚያው ፊቱን ትሥያለሽ› አለኝ። ለብቻዬ ንገረኝ ብለው እምቢ አለ። ‹ለብቻሽ ከነገርኩሽ ወሬ ነው፤ ባደባባይ ሲሆን ምስክርነት ነው› አለ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ምነው በነገረኝ ኖሮ!» እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ሽብሩ የቀሚሷን ጠርዝ አየ። ቀላ ያለ ነጭ ነገር ደርቆበታል።

«ይህስ?»

«ቡላ። ስበጠብጥ ነካኝ። ፊት የሚሣልበትን ቦታ በሱ ቀብቼ በካውያ እተኩሰዋለሁ፤ ያኔ ጆንያው ቀለም አይጠጣም። መዝቀጥ ስላለበት ነው እዚህ ያሳደርኩት።» ፖሊሱ ከሰጣት የመጠጥ ውሃ ጠብ አድርጋ ጠርዙን አሸት አሸት አደረገችው። ለቀቀ።

«በሙቅ ውሃ አይሻልም?»

ወርቂቱ በዚያ ሁሉ ሐዘኗ መሃል ሳቅ አመለጣት። «አይ ወንድ! በሙቅማ ካጠቡት ይበስላል፤ ገንፎ ነው የሚሆነው። ሲደርቅ እንደ ጣውላ ቀጥ ይላል። ያገራችን ሴት ልጅ ጥርሷን ሳትነቅል ነው ይህን የምታውቀው።»

ሽብሩ ጣሪያውን አየ።

ባላምባራስ ወንድይፍራው የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ካባቸውን ደርበው ቢሮው ውስጥ ይንጎራደዳሉ። ለዓመታት ጸሐፊያቸው የሆነው አቶ ገሪማ ቡናማ ኮቱን ለብሶ፣ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ትሑት ነው፣ ቃል አይወጣውም፤ ባላምባራስ ሲያስሉ እሱ መሐረብ ያወጣል።

«ምርመራ ምን ያደርጋል?» አሉ ባላምባራስ። «ካውያው የሷ፣ ቡላው የሷ፣ ቂሙ የሷ! አገረ ገዥው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ከዚያ በፊት ሴትዮዋ ወደ ይርጋለም ትላክ፤ ያ ጉድ ሥዕልም ይቃጠል።»

«ይቃጠል?»

«ደም የነካው ነገር ለንጉሥ በዓል ይሰቀላል እንዴ?»

«እርስዎ ማታ የት አመሹ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀው? ቤቴ ነዋ! ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስምንት እንግዶች ነበሩብኝ። ሂድና ጠይቃቸው።»

ሽብሩ በኋላ ጠየቃቸው፤ እውነታቸውን ነበር።

«አቶ ገሪማስ?»

«ሥዕሎቹን አሰቅዬ አሥር ሰዓት ላይ ወጣሁ» አለ ገሪማ በለሰለሰ ድምፅ። «ከዚያ ወዲህ አዳራሹን አልረገጥኩም። ቤቴ ሆኜ የበዓሉን ንግግር ስጽፍ አመሸሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ባለቤቴ ማሚቱ ለለቅሶ ኮንጋ ከሄደች ሳምንቷ ነው።»

«የወርቂቱን ሳፋ አይተውታል?»

«የምን ሳፋ? እኔ እስክወጣ ድረስ ሳፋ የሚባል አልነበረም።»

«መልካም። ቃልዎን ይፈርሙልኝ።»

ገሪማ ብዕር አነሳ። ሲፈርም የቀኝ እጅጌው ወረቀቱ ላይ ኮሸሽ አለ።

«ያምራል ኮትዎ» አለ ሽብሩ።

«ለበዓሉ ቀጥ እንዲል ብዬ ስታርች አስደርጌው ነው» አለ ገሪማ ፈጠን ብሎ። «ባለቤቴ ናት የሠራችው።»

«እጇ ይባረክ» አለ ሽብሩና ወጣ። በሩ ላይ ይርጉን አገኘው። «ትናንት አቶ ገሪማ ይህንኑ ኮት ለብሶ ነበር?»

«አዎ ጌታዬ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ምስማር ይመታ ነበር።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሽብሩ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። ባላምባራስና ገሪማ ወንበር ላይ ናቸው፤ ይርጉ በሩ ጋ ቆሟል፤ ወርቂቱ አሁንም መሬት ላይ ናት። ለበዓሉ የመጣው ሰው በየመስኮቱ ተንጠልጥሏል። ባላምባራስ ይባረር ቢሉም ሽብሩ ሰማሁም አላለ።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለ። «መጀመሪያ ይህን ቅድ እዩት። ገዳዩ የመጣው ሰው ሊገድል አይደለም። ደጀኔ እዚህ መሆኑን ያወቁት ይርጉና ወርቂቱ ብቻ ናቸው። ገዳዩ ከቢሮው ምስማር ላይ ቁልፍ አንስቶ የመጣው ሥዕሉን ቆርጦ ለመውሰድ ነው። ወርቂቱ ደግሞ የገዛ ሥዕሏን ለመውሰድ ቢላዋ አያስፈልጋትም፤ ጠቅልላ አህያዋ ላይ ትጭነዋለች።»

«ለማስመሰል ነዋ የቀደደችው!» አሉ ባላምባራስ።

«ማስመሰል የሚያውቅ ሰው የገዛ ካውያውን ከሬሳው አጠገብ ትቶ ይሄዳል?»

ከመስኮቱ ሳቅ ተሰማ።

«ገዳዩ መቅደድ ሲጀምር ደጀኔ ከጥግ ተነሳበት። ገዳዩ እጁ የገባለትን አነሳ፤ ካውያ ነበር። ሲተናነቁ ሳፋው ተገለበጠ። ስለዚህ ገዳዩን ቡላ ነክቶታል ማለት ነው።»

«እሷን ነዋ የነካት!» አለ ገሪማ። «ቀሚሷን እዩት!»

«ጠዋት አየሁት። በቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀ፤ አጠባቡን ታውቅበታለች። ይርጉም ቁልፍ ነበረው፤ ልብሱ ግን ደረቅና ንጹሕ ነው፣ ቅያሪም የለው። ገዳዩ ግን በዕድሜው ቡላ አጥቦ አያውቅም። ደም አለበት፣ ቡላ አለበት፤ የሚያጥብለት ሚስት ቤት የለችም። ደነገጠና ውሃ አፈላ።»

መጀመሪያ የገባቸው መስኮቱ ላይ ያሉት ሴቶች ናቸው። «ውይ! በፈላ ውሃ!» አለች አንዷ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

«አቶ ገሪማ፣ ቀኝ ክንድዎን እጥፍ ያድርጉልኝ።»

ገሪማ አልተንቀሳቀሰም። «ስታርች ነው ብያለሁ።»

ሽብሩ የግራ እጅጌውን ያዝ አደረገ፤ ልስልስ ያለ ነው። የቀኙን ሲይዘው ተንኮሻኮሸ። «አንድ እጅጌ ብቻ? ባለቤትዎ ከሄዱ ሳምንታቸው ነው ብለዋል፤ ትናንት ግን ይህንኑ እጅጌ እስከ ክርንዎ ሰብስበው ምስማር ሲመቱ ነበር። ታዲያ ስታርቹን ከኮንጋ ላኩልዎት?»

«ቡላ ገንፎ ስበላ ፈሰሰብኝ! ቡላ መብላት ወንጀል ነው?»

«ቀይ አፈር የገባበት ገንፎ?» ሽብሩ ከውሃው ጠብ አደረገና እጅጌውን በነጭ መሐረብ አሸው። መሐረቡ ላይ ሙልጭልጭ ያለ ቀይ ነገር ወጣ። ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገው። «ይህ ቡላ እዚህ የገባው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ አሥር ሰዓት ላይ ወጥቼ አልተመለስኩም ብለው ፈርመዋል።»

ገሪማ ጭንቅላቱን ያዘ። «ልገድለው አልመጣሁም» አለ። «ፊቱ የኔ እንዳይሆን ብዬ ነው። እሱ ግን ‹ጠፍ ነው ያልከኝ አንተ ነህ!› እያለ ጮኸብኝ። ዝም እንዲል ነበር የፈለግኩት።»

ወርቂቱ ለስምንት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ስም ይህ ነበር፤ ሽማግሌው ሞቶበት ተገኘ።

ባላምባራስ በረጅሙ ተነፈሱ። «ጉድ ሠራኝ ይህ ከይሲ! ውሰዱት። ነገሩ እንግዲህ አለቀ፤ ሥዕሉም ይውረድ።»

«አይወርድም» አለ ሽብሩ። «ቅዱም ደሙም ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤት እስኪያየው ድረስ እጁን ያሳረፈበትን ሰው አስራለሁ፤ ማንም ይሁን ማን።»

«እኔስ?» አለች ወርቂቱ።

«ሠዓሊዋ መጨረስ ትችላለች። ያላለቀ ማስረጃ አላቀርብም።»

ውጪ የአገረ ገዥው መኪና ጥሩንባ ተሰማ። ገሪማ እጁ ታስሮ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «እኔን ብቻ ናችሁ የምታዩት?» ብሎ ጮኸ። «ሰው የለበትም በል ብሎ የላከኝ ማን ሆነና!»

መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባላምባራስን ያያል። እሳቸው ወደ በሩ አዩ፤ በሩ በሰው ተሞልቷል። አገረ ገዥውን መቀበል ያለባቸውም እሳቸው ናቸውና መሸሺያ የላቸውም።

ወርቂቱ ከጠዋት ጀምሮ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ቡላውም ፈሷል፣ ካውያውም ተወስዷል። ቡርሿን አወጣችና ቀለሙን በባዶው ጆንያ ላይ ልታሳርፍ እጇን አነሳች።

«ጣቱስ የገሪማ ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ወንበሩ አዞረች። «ባላምባራስ፣ እባክዎ ትንሽ ቀና ይበሉ። ፊትዎ አልታየኝም።»