ያልታጠበው ቆብ

በዚህ ነፋስ አንድ ሽማግሌ ራሱን ገልጦ ቢታመምስ፣ ማን ሊጠየቅ ነው?

ፍላቪዮ ይህን ያሰላስላል። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ከእንጨቱ አጥር ጀርባ፣ ነጭ ቆብ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ቁርስ እንኳ አልቀመሰም። በስስ ኮቱ ውስጥ የመጋቢት ነፋስ ይገባል፣ ይወጣል።

ፍላቪዮ እውነተኛ ስሙ አይደለም። የሚሰልልለት ቢሮ የሚያውቀው «መቅረዝ» ብሎ ነው።

ነጯ መኪና ቀረበች። ጳጳሱ በቀኛቸው የብረቱን ዘንግ ጨብጠው ቆመዋል። ግራ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከኋላ አስታማሚያቸው ቱሊዮ ይራመዳል፤ ዓይኑ ከእሳቸው ላይ አይነሳም።

ልማዱን ሮማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ምእመኑ አዲስ ነጭ ቆብ ገዝቶ ይዘረጋል። ቅዱስ አባት ደስ ካላቸው አዲሱን ይደፋሉ፣ የራሳቸውን ለሰውዬው ይሰጡታል። ያ ሰው ቆቧን በመስታወት አስገጥሞ ለልጅ ልጆቹ ያወርሳል።

ፍላቪዮ የፈለገው ግን በረከት አልነበረም። ፀጉር ነው። አንዲት የራስ ፀጉር፣ ባለቤቷ ሰሞኑን ምን መድኃኒት ሲወስድ እንደከረመ ለሚያነባት ሁሉ ትናገራለች።

መኪናዋ ቆመች።

ጳጳሱ ቆቡን ተቀበሉ። አገላብጠው አዩት። ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ለሕፃን ነው!»

ለቅጽበት አናታቸው ላይ አሳረፉት። ባርከው መለሱለት። የራሳቸውን እንደገና ደፉ።

መኪናዋ ሄደች።

ከአምዶቹ ሥር አንድ ሰው ጋዜጣ ያነባል። አለቃው ነው፣ «ደወል»። ፍላቪዮ ጀርባውን ሰጥቶት የጫማውን ክር ለማሰር ጎንበስ አለ።

«እርግቧስ?»

«አልተያዘችም። ቆቡ ጠበባቸው።»

«ቁጥሩን ሳትጠይቅ ነው የገዛኸው? አይ አንተ!»

«የጳጳስን የራስ ቁጥር ማንን ልጠይቅ?»

«እንግዲያው በቤቱ በኩል ይሁን። አሮጊቷ አለችልህ።»

«አሮጊቷን ተዋት።»

«እዚያ ቤት ያስገባሁህ ለምን መሰለህ? ኞኪ እንድትበላ ነው?»

ጋዜጣው ታጠፈ። ደወል በምእመናኑ መሀል ጠፋ።

የዚያን ሰሞን ሮማ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ጳጳሱ ሊለቁ ነው። ከፋሲካ በፊት ነው፣ የለም በኋላ ነው። ካርዲናሎቹ ተቀያይመዋል፤ የጳጳሱ ግሣጼ የመረራቸው፣ ሥልጣን የተቀነሰባቸው በየማዕዱ ያንሾካሹካሉ። ከሁሉም ይበልጥ የሚያኮርፉት ካርዲናል ኦዶኔ ናቸው። ደወል ለፍላቪዮ የነገረው አጭር ነበር፦ የኦዶኔ ሰዎች የሐሰት የሕክምና ማስረጃ አዘጋጅተዋል፤ እውነተኛውን ምርመራ ቢሮው ቀድሞ ከያዘ ሐሰቱን ያከሽፋል፤ ሽማግሌውንም ያድናል።

ፍላቪዮ አመነው። ልጅ ነው፤ ማመን አይከብደውም።

ኖና ኤርሲሊያ ቤቷ ከቫቲካን ግንብ ሥር ነው። ኖና ማለት አያት ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራታል። ቱሊዮ የልጅ ልጇ ነው፤ እሷው አሳድጋዋለች። ፍላቪዮ ሥራ የሚጠብቅ መምህር ነኝ ብሎ የጓዳዋን ክፍል ሲከራይ፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ ከልክላዋለች።

«እርስዎ አትበለኝ። እርስዎ ስትለኝ ሐኪም ቤት ያለሁ ይመስለኛል።»

ሐሙስ ነው፤ ኞኪ የሚባለው የድንች ፓስታ የሚበላበት ቀን። ቱሊዮ ከሥራ መጣ። ከጃኬቱ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ ላይ አኖረው። ሁለት ነጭ ቆቦች ናቸው። የግቢው የልብስ ሳሙና የቅዱስ አባትን ራስ ያሳክካል። ኖና በእጇ፣ በወይራ ሳሙና ታጥብላቸዋለች። ከግቢው ምንም ነገር አይወጣም የሚል ጥብቅ ደንብ አለ። ቱሊዮ በሕይወቱ የጣሰው ደንብ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ይለቃሉ ወይስ አይለቁም?» አለች ኖና፣ ኞኪውን እየጨለፈች። «ዓሣ ሻጩ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ቆባቸውን እንጂ ሐሳባቸውን አላጥብ!»

«ኖና፣ ዝም በይ።»

«ዝም ብያለሁ። አሟቸዋል?»

«ኖና!»

«እሺ፣ እሺ። ፍላቪዮ፣ ጨምር ልጄ። አጥንትህ ኮትህን ሊቀደው ነው።»

«እኔንስ?» አለ ቱሊዮ። «ተከራይ ከመጣ ወዲህ ሁለተኛ ልጅ ሆኛለሁ።»

«አንተ የጳጳስ ማዕድ አለህ። እሱ ማን አለው?»

ቱሊዮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ጊዜው ሲደርስ ራሳቸው ይናገራሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ሕጉም እንደዚያ ነው። በነጻ ፈቃዳቸው ካልሆነ መልቀቃቸው መልቀቅ አይደለም። ማንም ሊነጥቃቸው አይገባም።»

ፍላቪዮ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

ቱሊዮ ፊቱን ሊታጠብ ገባ። ኖና ወደ ምድጃው ዞረች።

የፍላቪዮ እጅ ገንዳው ጠርዝ ደረሰ።

አንዷ ቆብ የኮቱ የውስጥ ኪስ ገባች።

ኖና ያወቀችው ቱሊዮ ከሄደ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከገንዳው ሥር አየች። ከዚያ የቆሻሻውን ባልዲ ወለሉ ላይ ገለበጠችው። የሽንኩርት ልጣጭና የእንቁላል ቅርፊት መሀል ተንበርክካ በጣቶቿ ትፈልጋለች።

«እኔን! ምን ነካኝ? እዚህ አልነበረችም? ሁለት አልነበሩም?»

«ሁለት ነበሩ ኖና» አለ ፍላቪዮ።

«አረጀሁ። አለቀልኝ። ልጁን በገዛ እጄ አሳጣሁት።»

ምን ያድርግ? አጠገቧ ተንበረከከ። አብሯት ፈለገ። ከገንዳው ጀርባ ክንዱን ሰዶ ዳሰሰ። ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ አደረገ። ቆቧ ደረቱ ላይ፣ ከኮቱ ውስጥ ናት። በተጎነበሰ ቁጥር ጎድኑን ትነካዋለች።

ኖና ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ፀጉሩን ዳበሰችው።

«ተባረክ። እናትህ ምን ዓይነት ልጅ ወለደች!»

ከመርማሪዎች ፊት ቀርቦ ያውቃል። እንዲህ ግን ላብ አላጠመቀውም።

ቆቧን ለደወል የሚያስረክበው በማግሥቱ ነው፤ ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ ባለው መናፈሻ። ፍላቪዮ እንደ ልማዱ ቀድሞ ደረሰ። ከቁጥቋጦው ወዲያ ተቀመጠ። ደወልም ቀድሟል። ብቻውን አልነበረም።

አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ የተራ ሰው ጃኬት ለብሷል። ፊቱን ግን ፍላቪዮ ከቢሮው ፎቶዎች ያውቀዋል። የካርዲናል ኦዶኔ ጸሐፊ ነው። ቄስ ፓስካሬሊ።

«የምርመራውን ውጤት እሁድ ምሳ ላይ ፊታቸው እናኖርላቸዋለን» አለ ቄሱ። «ወይ ይለቃሉ፣ ወይ በሽታቸውን ከጋዜጣ ያነቡታል።»

«ልጁ ቆቡን ያመጣዋል» አለ ደወል። «እያዳንኳቸው ነው ብሎ ነው የሚያስበው።»

ሳቁ።

የሐሰት ማስረጃ የሚባል ነገር አልነበረም። የጎደላቸው እውነተኛው ነበር። እሱን ደግሞ ደረቱ ላይ ይዞ የመጣላቸው ራሱ ነው።

ፍላቪዮ ሳይታይ ወጣ። ለደወል «የልጅ ልጁ ቤት ነው፣ ለነገ ይሁን» የሚል መልእክት ላከ። ከዚያ ከደወል በላይ ላለችው ሴት ደወለ። ስሟን አያውቅም። «ምሰሶ» ይላታል።

«ደወሉ ተሰንጥቋል።»

«ማስረጃ?» አለች።

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ጆሮ አይበቃኝም። ድምፁን ቅዳልኝ። ርክክቡ ይካሄድ።»

«ቆቧን ልስጠው?»

«ቆብ ስጠው እንጂ ቆቧን አላልኩም። የማን ራስ ላይ እንደነበረች የምታውቀው አንተ ነህ።»

ሌላ ቆብ ገዛ፤ አሁን በልኩ። በባርኔጣው ሥር ደፍቶ ቀኑን ሙሉ በከተማው ሲዞር ዋለ፤ ላብ እንዲጠጣ። ነጭ ፀጉር ደግሞ ያስፈልጋል። ከየት ያምጣ? ኖና ገበያ ስትወጣ መኝታ ክፍሏ ገባ። ከማበጠሪያዋ ላይ ሽበቷን አንድ በአንድ ለቀመ። ከዚህ በላይ ምን ቀረው ከእሷ የሚወስደው?

እውነተኛዋን ቆብ ራሱ አጠባት። ፀጉር እንዳይቀርባት ደጋግሞ አለቀለቃት። አድርቆም ከገንዳው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ጣላት። ታገኛታለች፤ ልቧ ያርፋል ብሎ።

በማግሥቱ ደወል ብቻውን መጣ። ቆቡን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሣው።

«አዲስ ይመስላል።»

ፍላቪዮ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለ።

ደወል ወደ አፍንጫው አስጠጋው። አሸተተ። ከጠርዙ ላይ አንድ ነጭ ፀጉር በጣቱ መዘዘ።

ፈገግ አለ።

«ጎበዝ።»

«አሁን ሐሰቱን ታከሽፋለህ?»

«የቱን ሐሰት? አይ ልጅ! እሁድ ካርዲናል ኦዶኔ ምሳ ጋብዘዋል። ሰውዬው ሰኞ የሉም።»

«ተገድደው ከሆነ እኮ በሕጉ አይጸናም።»

«ማን ሊናገር? አንተ?»

«አዎ» አለ ፍላቪዮ፤ የኮቱን ኮሌታ ገለጠ። የድምፅ መቅጃዋ ከቁልፍ አትበልጥም።

ከዛፎቹ መሀል ሁለት የምሰሶ ሰዎች ብቅ አሉ። ደወል አልሮጠም። ክንዱን ሲይዙት ፍላቪዮን ብቻ አየው።

«እኔ ለካርዲናል ሸጥኩ። ዋጋዬን አውቃለሁ። አንተ አሮጊቷን ለማን ነው የሸጥካት?»

ይዘውት ሄዱ።

በኋላ ስልኩ ነዘረ፤ ምሰሶ ናት። «የእሁዱ ምሳ ተሰርዟል። ኦዶኔ አሞኛል ብለው ተኝተዋል። ሥራህ አልቋል፤ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጣ። ምንም አትናገር። ስለ ሥራው ለማንም ብትነግር ጉዳዩ አደባባይ ይወጣል፤ የሽማግሌውም በሽታ አብሮ።»

ቤት ሲደርስ ኖና ደረጃው ላይ ተቀበለችው። እጇ ላይ ነጭ ቆብ አለ።

«ተገኘች! ከገንዳው ጀርባ! የፈለግንበት ቦታ እኮ ነው፣ ሁለታችንም ዕውር ነበርን? ደግሞ ንጹህ ናት፤ መላእክት አጠቡልኝ ልበል?»

አቀፈችው። ሳመችው። ለቱሊዮ የሚወደውን በግ በምድጃ ጥዳለች። ፍላቪዮ ክፍሉ ገብቶ ሻንጣውን ዘጋ። ተሰናብቷት ይሂድ? ምን ብሎ?

የደጁ በር ተከፈተ። ቱሊዮ ነው፤ ገና በጠራራ ፀሐይ። ነጭ የሥራ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሏል።

«ምነው በጊዜ መጣህ?» አለች ኖና። «ደግ አደረግህ! ናማ፣ የምሥራች አለኝ!» ቆቧን አውለበለበችለት።

ቱሊዮ አያት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኖና... ነገርኳቸው።»

«ምን ነገርካቸው?»

«ጠፋች ብለሽ ከደወልሽልኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መድኃኒት የምሰጣቸውን ሰው ደብቄ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ዛሬ ጠዋት ነገርኳቸው፤ ቆቦቹን ቤት እንደምወስድ፣ አንዷ እንደጠፋች።»

«እና ተቆጡህ?»

«ሳቁ። ለአያትህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በላት አሉኝ። የግቢው ኃላፊ ግን አልሳቀም። በዚህ ሰሞን፣ በዚህ ሁሉ ወሬ መሀል፣ ከእሳቸው ራስ የወረደ ነገር ውጭ ጠፋ ሲባል! መታወቂያዬን ተቀበለኝ።»

«ግን እኮ ተገኘች! ይቺውና! ሄደህ አሳያቸው!»

«አይመልሱኝም ኖና። ደንብ ነው።» እጆቹን ተመለከታቸው። «ማታ ማታ ያ እጅ ሲብስባቸው የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ማን እንደሚይዝላቸው አላውቅም።»

ኖና ቁጭ አለች። ቆቧ ከእጇ ወደቀች።

«እኔ ነኝ» አለች። «የእኔ እርጅና ነው። በደንብ ብፈልግ ኖሮ ያን ዕለት አገኛት ነበር። ልጄን ከእንጀራው አፈናቀልኩት።»

«አንቺ አይደለሽም።»

«ታዲያ ማን ነው? ማን አለ እዚህ ቤት?» ፍላቪዮ ወደቆመበት የክፍሉ በር ዞር አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ፍላቪዮ፣ አንተ ምስክር ነህ። ንገረው። አብረን አልፈለግንም? ሁሉን ቦታ አልፈለግንም?»

ፍላቪዮ አፉን ከፈተ።

ስለ ገንዳው ጠርዝ ሊናገር ይችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ልቧ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ይነሣላት ነበር። ከዚያ ግን ለምን፣ ለማን፣ ምን ሊመረመር የሚለው ይከተላል። የሽማግሌው ሕመም በየዓሣ ሻጩ አፍ ይገባል።

አፉን ዘጋ።

ከምድጃው የሚቃጠል ሥጋ ሸተተ። ኖና «ወይኔ በጉ!» ብላ ተነሣች። በዚያ ሁሉ ኀዘን መሀል እንኳ፣ «ተቀመጥ ልጄ፣ አንተም አልበላህም» አለችው፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው።

ቱሊዮ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኗል።

ፍላቪዮ ሻንጣውን አነሣ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ጫፍ አኖረ። ሳይናገር በሩን ከፈተ፣ ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘጋው፣ ደረጃውን ወረደ።